በቃሬዛ የወጣው ኮንቴይነር

ኖላዊት የወተት ጋን የሚመስለውን የብረት ኮንቴይነር ከአውቶቡሱ የኋላ ጥግ በገመድ አሰረችና አጠገቡ ያለውን መስኮት ወለል አድርጋ ከፍታ ተቀመጠች። ገረሴ የምትሠራ ከብት አዳቃይ ናት፤ ናይትሮጅን ከታች ከተማ አስሞልታ እየተመለሰች ነው። የምርጥ ኮርማ ዘር በቀጫጭን ቱቦዎች ተሞልቶ፣ በኮንቴይነሩ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ በረዶ ሆኖ ተኝቷል። ፈሳሹ ሁልጊዜ ቀስ እያለ ይተናል። ክዳኑ ጥብቅ ቢል ይፈነዳል። የተነነው ደግሞ በተዘጋ ቦታ የሰውን አየር ይሻማል፤ ሽታ የለው፣ አይታወቅ። የመሥሪያ ቤቱ መኪና ቢኖር ኖሮ ከኋላው፣ ክፍት በሆነው መጫኛ ላይ ትጭነው ነበር፤ እሱ ግን ጋራዥ ከገባ ሰንብቷል። የአውቶቡሱም ጣሪያ ቆርቆሮና ጨው ሞልቶት ዕቃ ቀጥ አድርጎ የሚያቆም ቦታ አልተረፈውም።

ነገ እሄዳለሁ እንዳትል፣ ከገረሴ ወጣ ብሎ የሚኖረው ጋሽ ዳልጮ ጠዋት ደውሎ ላሟ ኮርማ መፈለጓን ነግሯታል። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ፈልጋ፣ ሁለቱንም ጊዜ ናይትሮጅን አልቆ ነበር። ዛሬ ሳይመሽ ካልተዳቀለች ለሥጋ ትሸጣለች፤ ሚስቱ ቆርጣለች።

ከታች የአባያ ሐይቅ ሙቀት ሳለ ስለ መስኮቱ ያነሳ ሰው አልነበረም። አውቶቡሱ ዳገቱን ይዞ ጉሙ ሲገባ ግን ከፊቷ የተቀመጡት ወይዘሮ ዓለሚቱ ዞር አሉ። አጠገባቸው ምራታቸው ሃና፣ ከሆስፒታል የወጣች አራስ፣ ሕፃኗን በጋቢ ጠቅልላ ታቅፋለች።

«ልጄ፣ እስቲ እሱን ዝጊልን።»

«አልችልም እማማ፤ ይሄ ዕቃ አየር ይፈልጋል።»

«ዕቃው አየር ይፈልጋል፤ አራሷስ ብርድ ትፈልጋለች?»

ሰው ሳቀ።

«ከእሱ የሚወጣው ለእኛ አይበጅም። ከተዘጋ ሳናውቀው ይጥለናል፤ ሕፃኗንም ጭምር።»

«ለመሆኑ ምን አለው ውስጡ?» አለ አንድ ሰውዬ።

«የኮርማ ዘር።»

«ኮርማው ሳይመጣ ዘሩ አየራችንን ከተሻማን፣ እሱ ራሱ ቢመጣ የት ልንቀመጥ ነው?»

ረዳቱ ኤፍሬም መጣ። «እህቴ፣ በዚህ መንገድ ሰው ንፋስ ሲመታው እንጂ መስኮት ተዘግቶ ሲሞት አላየሁም» ብሎ በላይዋ ተንጠራራና ዘጋው። እሷ ከፈተችው። እሱ ዘጋው።

ሃና ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ ሕፃኗ ላይ ጎንበስ አለች፣ እንደ ግድግዳ። ኖላዊት ይህን አየች። እሷም ወልዳ በተኛች ጊዜ እናቷ በሩ ላይ ብርድ ልብስ ጋርደው ነው ያቆዩዋት፤ አሮጊቷን ተሳስተዋል ለማለት አፏ አልታዘዘም። ከክዳኑ ሥር ደግሞ፣ መኪናው ጉድጓድ በመታ ቁጥር፣ ነጭ እንፋሎት እየወጣ ወደ ሰው እግር ይሳባል።

«ወራጅ አለ» አለች።

«እዚህ? እዚህ ማን አለሽ?» አለ ኤፍሬም።

«ማንም። ቀጥ አድርገህ አውርድልኝ።»

አወረደላት። ወይዘሮ ዓለሚቱ በተዘጋው መስታወት ውስጥ ሆነው በእጃቸው መረቋት፤ አውቶቡሱ ጉም ውስጥ ገባ።

ስልክ ደወለች። «ጋሽ ዳልጮ፣ መንገድ ላይ ወርጃለሁ።»

«ተሸክመሽ አትመጪም?»

«አልችለውም። ቢንጋደድ ደግሞ ይፈሳል።»

«ቆዪ» ብሎ ዘጋው።

መንገዱ ዳር ካለ ቀርከሃ ሥር ቁጭ አለች። አንተ ታውቃለህ ከማለት ሌላ የጸለየችው የለም።

ጋሽ ዳልጮ ጎረቤቶቹን አስከትሎ ቁልቁል ሲሮጥ መጣ። ትከሻቸው ላይ ቃሬዛ አለ፤ በሽተኛና ምጥ የያዛት ሴት ወደ ጤና ጣቢያ የሚወርዱበት የሰፈሩ ቃሬዛ። ኮንቴይነሩን መሐሉ ላይ አቁመው በአራት ማዕዘን አሰሩት።

«ክዳኑን አትንኩት» አለች።

«ማን ሊነካው፤ የታመመ ሰው አፍ እንዘጋለን እንዴ?» አለ ጋሽ ዳልጮ።

በዚያ አገር ቃሬዛ ያገኘ መንገደኛ ሸክሙን አስቀምጦ ትከሻውን ያስገባል፤ የሚጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ሽማግሌም ገቡና ጥቂት ከተራመዱ በኋላ፣ «የማን ቤት ሰው ነው?» አሉ።

«ሰው አይደለም አባባ፤ ለላሜ ነው።»

ሽማግሌው ቀና ብለው ኮንቴይነሩን አዩት። «እንግዲህ አንዴ ይዣለሁ» አሉና እስከ ራሳቸው ደጅ ድረስ ተሸከሙ።

ሲደርሱ ፀሐይ አልጠለቀችም፤ ላሟም መጮኋን አላቆመችም። ኖላዊት እንጨት ነክራ ፈሳሹን ለካች፤ ቀንሷል፣ ከዘሩ በታች ግን አልወረደም። ጓንቷን አጥልቃ አንዲት ቱቦ በመቆንጠጫ አወጣች፣ ለብ ባለ ውሃ ነከረች፣ ሥራዋን ሠራች።

የጋሽ ዳልጮ ሚስት ሉሊት ከበሩ ሆና ታያለች። «ዕቃውን ወደ ቤት አስገቡት እንጂ፤ ውጭ ብርድ ነው» አለች።

«በረንዳው ይሻለዋል እትዬ።»

«ላሟስ ትይዛለች?»

«ሦስት ሳምንት ጠብቂ። ኮርማ መልሳ ካልፈለገች ይዛለች።»

ሉሊት ላሟን ወደ ገበያ ልትነዳበት በሩ ላይ ያንጠለጠለችውን ገመድ አወረደችና ይዛው ወደ ጓዳ ገባች።