«አፈርኩ» በሦስት ዓረፍተ ነገር

መምህርት ሳሌም ሰሌዳው ላይ «አፈርኩ» ብላ ጻፈችና፣ በዚህች ቃል ሦስት ዓረፍተ ነገር ሠርታችሁ ለቅዳሜ አምጡ አለችን። ስንት ቃል ሞልቶ ይቺን መምረጧ አናደደኝ። ደብረ ብርሃን እየሄድኩ የቅዳሜ ጠዋት የጎልማሶች ትምህርት ከጀመርኩ ሰባት ወሬ ነው። አብረውኝ የሚማሩት የፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው፤ ማንነቴን የሚያውቅ የለም። የአገሬ የአንኮበር ሰው እዚያ ያለችውን ልጄን ብርቱካንን ልጠይቅ የምመላለስ ይመስለዋል። ለባሌ ለቄስ ወልደኪዳንም ያልኳቸው ይህንኑ ነው።

ምን አስደበቀሽ የሚለኝ ካለ፣ እኔ የመሪጌታ ዘርአ ዳዊት ልጅ ነኝ። አባቴ ወንድሞቼን ከፊቱ አስቀምጦ ሲያስተምር፣ እኔ ጓዳ ሆኜ ሽሮ እየነፋሁ በጆሮዬ ለቀምኩት። ውዳሴ ማርያምን የሰባቱንም ቀን በቃሌ ያዝኩ። አባቴ የት ቦታ ላይ ቅጠል እንደሚገልጥ ሳይቀር አውቅ ስለነበር፣ መጽሐፉን ይዤ እዚያው ላይ እገልጣለሁ። ሰው አየና «የመሪጌታ ልጅ እንደ ውሃ ትጠጣዋለች» አለ። አይደለም ማለት ነበረብኝ። አላልኩም፤ እንዲህ እንዳለሁ አርባ ዓመት አለፈ።

የማይነጋ መስሏት የተባለላት እኔ ነኝ። ባለፈው ሚያዝያ ነጋብኝ። የሴቶች የማርያም ማኅበራችን የችግኝ ቦታ ሊሰጠው ስለሆነ፣ መተዳደሪያ ደንቡ ለአባላት ተነቦ ይጽደቅ ተባለ። የማኅበሩ ሙሴ፣ ሰብሳቢያችን ጌጤ፣ ወረቀቱን አምጥታ ጉልበቴ ላይ አኖረችው።

«የመሪጌታ ልጅ እያለችልን ማንን እንለማመጣለን?» አለች።

ደንብ ውዳሴ ማርያም አይደለም፤ በጆሮዬ አልገባም። ፊደል መቁጠር ብጀምርም ሰው ፊት እንደምንተባተብ አውቄዋለሁ። «መነጽሬን ረስቻለሁ» አልኩ። መነጽር የለኝም።

«እንግዲያው ለግንቦት ሃያ አንድ መነጽርሽን ይዘሽ ነይ» አለችኝ።

የሳሌም ቃል የመጣችብኝ በዚህ መሐል ነው። ሁለቱን ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ፦ «እንግዳ መጥቶ ወጡ በመቅጠኑ አፈርኩ።» «የተቀደደ ነጠላ ለብሼ ቅዳሴ በመግባቴ አፈርኩ።» ሳሌም አየችውና፣ «ትክክል ነው፣ እትዬ አስካለ። ሦስተኛውስ?» አለችኝ።

«ጠፋኝ።»

«አልጠፋዎትም፤ አልጻፉትም እንጂ። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ይምጣ።»

ልጅቷ ሃያ አምስት ዓመት አይሞላትም። ስወጣ ደህና ዋይም አላልኳት።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ መደቡ ላይ ደብተሬን ዘርግቼ ተቀምጫለሁ። ቄስ ወልደኪዳን የሰው ቤት ጠበል ረጭተው ይመለሳሉ ብዬ ያሰብኩት ወደ ማታ ነበር።

«ሦስተኛው ባዶ ነው» አሉ ከኋላዬ።

ደብተሩን በነጠላዬ ልሸፍን ስታገል፣ «ተይው። ከተጋባን ዓመት ጀምሮ አውቃለሁ» አሉ።

«እንዴት አወቁ?»

«የአባትሽ ውዳሴ ማርያም የረቡዕ መጀመሪያ ቅጠሉ ወልቆ ነበር። ልጠግነው ብዬ እኔ ኪስ ውስጥ አስቀምጬው ነበር። አንቺ ከዚያው መጽሐፍ ረቡዕን አንድ ቃል ሳትስቺ ዘለቅሽው።»

«ሠላሳ ሦስት ዓመት አውቀው ዝም አሉኝ?»

«እንዳታፍሪ ብዬ ነው።»

ተናደድኩባቸው። ወደድኳቸውም። የትኛው እንደሚበልጥ መለየት አቃተኝ። እሳቸው ግን ከጎኔ ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ደንቡን አምጪው፤ ሁለት ቀን ላንብብልሽ። አንቺ ሰምተሽ የሚጠፋሽ ነገር የለም። ሐሙስ ለሃያ አንድ ወረቀቱን ይዘሽ ትወጪዋለሽ፤ ማንም አያውቅም።»

እውነታቸውን ነው። በአንድ ቀንም እይዘው ነበር። ወረቀቱን ከትራሴ ሥር አውጥቼ ላቀብላቸው እጄን ዘረጋሁ። ከዚያ መለስኩት።

«ጆሮዬ በቅቶታል፤ አሁን ደግሞ ዓይኔ ይሥራ» አልኩ።

«ይስቁብሻል።»

«ይሳቁ።»

ሦስተኛውን ዓረፍተ ነገር የጻፍኩት ያኔ ነው፤ እሳቸው እያዩኝ።

ሃያ አንድ ደረሰ። ጠበል ጻድቁ ከተቀመሰ በኋላ ጌጤ ወደ እኔ ዞረች። «መነጽርሽን ይዘሻል?»

«መነጽር ኖሮኝ አያውቅም» አልኩና ደብተሬን አወጣሁ። ጣቴን ከፊደሉ ሥር እያስኬድኩ አነበብኩ፦ «የማላነበውን መጽሐፍ አርባ ዓመት በመግለጤ አፈርኩ።»

የሳቀ የለም። ከማኅበርተኞቼ አንዷ ወለተሐና ጽዋውን እንደያዘች ቀረች። ፊቴ ሲግል ይታወቀኛል፤ ግን ፋታ ካገኘሁ እንደምሸሽ ስለማውቅ ወዲያው ደንቡን አነሳሁ።

የመጀመሪያው አንቀጽ ብቻ ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ። ውዳሴ ማርያም ሳነበንብ አንዲት ሴት አቋርጣኝ አታውቅም። አሁን ግን በየመስመሩ ያስቆሙኛል፤ ደግሞም ይጠይቁኛል። አራተኛው ላይ «ሁለት ወር በተከታታይ ያልተገኘች አባል ትሰረዛለች» የሚለውን ስጨርስ፣ ወለተሐና «ድገሚው» አለች። ደገምኩት።

«ሴት ልጅ የወለደችስ? ሰማንያ ቀኗ ሳይሞላ ልትሰረዝ ነው?» አለች። ልጇ እርጉዝ ናት። ቤቱ ተንጫጫ፤ አራስ አትሰረዝም ተብሎ ተወሰነ። ውሳኔውን ከግርጌው የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ በትልልቁ፣ መስመሩ እየተጣመመ። ከሥሩም ስሜን አራቱንም ፊደል አስቀመጥኩ።

ሌሎቹ በጣታቸው ሊፈርሙ ተሰለፉ። ጌጤ ቀድማ አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ ልታሳርፍ ስትል ቆም አለች።

«የኔ ስም ስንት ፊደል ነው?»

«ሁለት» አልኳትና ደብተሬ ላይ ጻፍኩላት።

«ይቺው ናት?»

«ይቺው ናት።»

ፊደሎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ጣቷንም መልሳ በነጠላዋ ሸፈነችው።

«ለሁለት ፊደል ነው እንዴ» አለች፣ «ስልሳ ዓመት ያፈርኩት?»