ጀርባዬ ላይ ቀረሽ

«ፎቶውን የሚይዘው ማነው? እህቱ አይደለችም እንዴ?» አለች አንዲት ሴት፣ ቀስ ብላ ያወራች መስሏት።

አደይ ሰምታለች። ድንኳኑ ጥግ ላይ የንፍሮ ሳህን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ አንዲት ፍሬ ሳትቀምስ ተቀምጣለች። ታላቅ ወንድሟ፣ ዘፋኙ ባዩ፣ ዛሬ ሠልስቱ ነው። ቡታጅራ በሙሉ ሲያለቅስለት የእናቱ ልጅ ዓይን ደርቋል፤ ታዲያ ሰው ቢያማት ምን ይገርማል? እሷ ግን እንባ ነፍጋው አልነበረም። እንዴት ብላ እንደምታለቅስለት ጠፍቷት ነው።

ጎረቤቷ ባሂራ አጠገቧ ቁጭ አለች። «አደይዬ፣ እኔ እኮ ዛሬ ባለሱቅ የሆንኩት በሱ ዘፈን ነው፣ ወላሂ! በልጅነቴ ሊድሩኝ ሽማግሌ ተልኮ ነገሩ አልቆ ነበር። አባቴ ከቡኢ ሲመለስ ሚኒባስ ውስጥ ሰማውና፣ ‹ልጄን ሳልጠይቃት አልሰጥም› ብሎ መለሳቸው።»

ያን ዘፈን የማያውቅ የለም።

እንሰት ሥር ተኝታ በቅጠል ተከልላ፣
ወጣች ወደ ሰርጓ በወንድሟ ታዝላ።

ሰው ምክር ነው ይለዋል። ለአደይ ግን የራሷ ቀን ነው። ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነበር፤ ለማታውቀው ሰው ልትዳር ሲሆን ጓሮ እንሰቱ ውስጥ ተደበቀች። ባዩ እየሳቀ ቅጠሉን ገለጠ፤ «ነይ አንቺ ሞኝ!» ብሎ አዝሎ አወጣት። ትከሻውን ነከሰችው። አላወረዳትም።

ከዓመታት በኋላ ዘፈኑን ሻይ ቤት ውስጥ ሰማችው። ለአገር የተናገረውን ለሷ አንድ ቀን አልተናገረም። በየመስቀሉ ቤቷ ይመጣል፣ ክትፎውን ይበላል፣ ልጆቿን ይስማል፣ ይሄዳል። «ዘንድሮ ይለኛል» ስትል ስንቱ መስቀል አለፈ።

ኪቦርድ ይጫወትለት የነበረው ነብዩ መጥቶ ፊቷ ቁጢጥ አለ። «እት አደይ፣ የመጨረሻዋን ስንኝ ከአፉ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

«ሕዝብ ሲላት ነው የምሰማው።»

«እኔም ዐሥራ ሁለት ዓመት አብሬው ስሠራ አልሰማሁም። እዚያ ሲደርስ ማይኩን ወደ ሰው ያዞራል። ሰው ጨዋታ ይመስለዋል፤ እኔ ከኋላው ሆኜ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አያለሁ። ስቱዲዮም ገብተን ሦስቴ ሞክሮ አቃተው። ተቀባዮቹ ናቸው ያሏት።»

«ለኔስ?» አለች አደይ። «ሕዝብ ነው እንዴ ያዘለኝ? እሱ አይደለም ወይ!»

ነብዩ የንፍሮውን ሳህን ከጭኗ ላይ አነሳላት።

ውጭ ሴቶቹ ክብ ሠርተዋል። አስለቃሿ የባዩን ፎቶ ከፍ አድርጋ ይዛ፣ ያንኑ ዘፈን ለሙሾ አዘግማ እያወረደች ነው። የመጨረሻዋ ስንኝ ላይ ስትደርስ እንደ ልማዱ ለሰው ለቀቀቻት። ድንኳኑ በሙሉ ተቀበላት፦

ይቅር በይኝ እቴ፣ ያን ቀን አዝዬሽ፣
ጀርባዬ ላይ ቀረሽ፣ ዛሬም አልወረድሽ።

አደይ ተነሳች። ፎቶውን ከአስለቃሿ እጅ ተቀበለች። ደረቷ ላይ አቅፋ የምትዞር መስሏቸው መንገድ ለቀቁላት። እሷ ግን ነጠላዋን ፈታች፤ ፎቶውን ወደ ጀርባዋ አዙራ እንደ ሕፃን አዘለችው፤ የነጠላውንም ጫፍ ደረቷ ላይ ጠበቅ አድርጋ ቋጠረች። ያኔ እንባዋ መጣ።

ጎንበስ ብላ በክቡ መሀል መዞር ጀመረች። የፍሬሙ ጠርዝ ትከሻዋን ይቆረቁራታል። አላወረደችውም።