አሥር ደቂቃ ያህል ስህተት

የመድኃኒት አከፋፋዩ ድርጅት የኔትወርክ ኃላፊ በእጃቸው ያልዳሰሱትን ነገር አያምኑም፤ ሠራተኛው «ጋሽ ሽቦ» የሚላቸው ለዚሁ ነው። ዛሬ ልትሸጥላቸው የመጣችው ሴት የያዘችው ደግሞ የማይዳሰስ ነገር ነው፦ ቅርንጫፎችን የሚያገናኘውን የራውተር ሳጥን ሥራ፣ ያለ ሳጥኑ፣ በተራ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ሶፍትዌር። ከታናሽ ወንድሟ ጋር ሦስት ዓመት ለፍተውበታል። አምስት ድርጅቶች «ሳጥኑ የታለ?» ብለው መልሰዋቸዋል። ይህ ስድስተኛው ነው፤ ይህም እምቢ ካለ ሰኞ ሌላ ቦታ ተቀጥሮ እንደሚገባ ወንድሟ ቁርጡን ነግሯታል። ያለ እሱ ደግሞ ሥራው አይቀጥልም። ክፉ ልጅ ሆኖ አይደለም፤ ደክሞት ነው።

በስብሰባው ክፍል ግድግዳ ላይ አሥራ አንዱ ቅርንጫፎች በአረንጓዴ ነጥብ ይታያሉ። ለሙከራ ሶፍትዌሩ የተጫነበትን፣ የአንድ ቀን መንገድ የሚርቀውን ቅርንጫፍ ቅንብር እዚሁ ቁጭ ብላ መለወጥ ጀመረች። ሰው ሲያያት መፍጠን አመሏ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ አንዲት ቁጥር ሳተች። ነጥቡ ቀላ።

የጋሽ ሽቦ ስልክ ወዲያው ጮኸ። «ተቋርጦባቸዋል» አሉ ዘግተው። ደስ ሳይላቸው አልቀረም።

እሷ ክው አለች። ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን እንደዘጋ ሰው ሆናለች፤ ከዚህ ሆና ተመልሳ ልትገባበት አትችልም።

ወንድሟ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «እትዬ፣ እዚያ መብራት ጠፍቶ ነው በያቸው። ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለኋ!» አለችው። ቀና ብላም ለጋሽ ሽቦ፣ «የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ ቁጥር ተሳስቼ» አለቻቸው።

«ታዲያ ማን ሊሄድ ነው? የአንድ ቀን መንገድ እኮ ነው!»

«ማንም አይሄድም። ለውጡን ‹ይጽና› ብዬ ካላረጋገጥኩለት፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ራሱ ወደ ነበረበት ይመለሳል። እንደኔ ለሚሳሳት ሰው ብለን ነው የሠራነው። ይጠብቁልኝ።»

አሥር ደቂቃ እንዲህ ይረዝማል? በጣም ፈርታለች፤ ቢሆንም ጥርሷን ነክሳ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ለእሷ ግን ማን ማደሪያ ሰጣት? ጋሽ ሽቦ ሁለት ጊዜ ሊነሱ ሲሉ «ገና ነው» ብላ አስቀመጠቻቸው።

በአሥረኛው ደቂቃ ነጥቡ አረንጓዴ ሆነ።

ወንድሟ በረጅሙ ተነፈሰና ላፕቶፑን ሊዘጋ እጁን ሰደደ። ከተረፉ ወዲያ ቶሎ መውጣት ነው መቼም ብልህነቱ። እሷ እጁን ገፋ አድርጋ ላፕቶፑን ወደ ጋሽ ሽቦ አዞረችው።

«አሁን ደግሞ እርስዎ ይሳሳቱ።»

ሰውየው ትኩር ብለው አዩአት። ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው፣ በአንድ ጣት እየፈለጉ፣ የማይሆን ቁጥር ጻፉ። ነጥቡ ቀላ፤ ስልኩም ጮኸ።

«አዎ፣ አውቃለሁ» አሉ ጋሽ ሽቦ፣ ወንበራቸውን እየሳቡ። «አሥር ደቂቃ ታገሱ። ራሱ ይመለሳል።»