ያልታጨደው ሣር ላይ

ሜና ሲመጡ በመስኮት አየቻቸው። ስምንት ሳይክል፣ ስምንት ቂጥ ወደ ሰማይ ተቀስሮ። ፊት ፊት የሚመራው ደሞ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የወንድሟ ልጅ፣ ቲታ!

ቁምጣው ቆዳው ላይ የተሰፋ ነው የሚመስለው። ደረቱ ላይ በላዲንኛ፣ በዚህ የጣልያን ተራራ ሰዎች ቋንቋ፣ «የሸለቆው ልጅ» ይላል። የሸለቆው ልጅ! አስራ ስድስት ዓመት ቦልዛኖ ከተማ ኮምፒውተር ሲሸጥ፣ የላሙን ሽታ በሽቶ ሲያጥብ ከርሞ፣ አምና መጣና «የላዲን ባህል በሳይክል» እያለ ቱሪስት ያዞራል።

ሜና ልጅ የላትም። እዚህ አገር ደሞ ቤትና መስክ አይከፋፈልም፤ ሙሉውን ለአንድ ሰው ነው የሚተላለፈው። ሐሙስ ውል አዋዋዩ ጋ ሄዳ በቲታ ስም ልታደርገው ነው። ሌላ ዘመድ ጠፍቶ አይደለም፤ ታች መንደር አይብ የምትሠራው አጋታ አለች። ግን ቲታ ቁርጥ ወንድሟን ነው፤ በዚች ተሸነፈች።

እና ቲታ ምን አደረገ? ከመንገዱ ወጥቶ፣ ሳይክሉን እየገፋ ጉልበት የደረሰው ሣር ውስጥ ጥልቅ! ነገ የሚታጨደው ሣር እኮ ነው! እዚህ ተራራ ላይ ያልታጨደ ሣር ሕፃን እንኳ አይረግጥም፤ ኳስ ብትገባ እስኪታጨድ ነው የምትጠበቀው።

«ኑ ኑ! ፎቶ እዚህ ጋ ነው የሚያምረው!»

ተከተሉት። ሳይክሉም ጋደም፣ ሰዉም ጋደም። አንዲት ወፍራም ሴትዮ ብቻ ዳር ቆማ፣ «መርገጥ ይቻላል ግን?» አለች።

«የአክስቴ ነው፣ የኔ በይው!»

ሜና ወጣች።

«አክስቴዬ! እንግዳ አመጣሁልሽ!»

«አየሁ። ሣሬ ላይ ተኝቷል።»

«ምን አለበት፣ ሣር አይደል? ተመልሶ ይቆማል።»

«ይቆማል? በል ና እጨደው።»

ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን፣ እጀታው ሰው የሚያክለውን ማጭድ አውርዳ ሰጠችው። እንግዶቹ አጨበጨቡ። ባህል መስሏቸው ነዋ! ቲታም እየሳቀ ወዘወዘው። በጠራራ ፀሐይ፣ ሣሩን የሚያለሰልስ ጤዛ በሌለበት! የተኛው ሣር ከስለቱ ስር እየሾለከ ቀረ። አምስተኛ ጊዜ ሲወዘውዘው ጫፉ መሬት ውስጥ ተሰካ።

«ስለቱ ዶልዱሟል» አለ እያለከለከ።

«ስለቱስ ደህና ነው።»

ወንድሟ ይሄን መስክ ከቁርስ በፊት ነበር የሚጨርሰው። ፊቱን ነው እንጂ ይሄ ልጅ ከሱ ምን ወሰደ?

ገብታ ጠዋት የጠበሰችውን፣ ስፒናች የተሞላ ቂጣ በሳህን ይዛ ወጣች። ለሰባቱም አንድ አንድ አደለች። ቲታ እጁን ሲዘረጋ ሳህኑን ወደ ደረቷ ሳብ አደረገችው።

«ለኔስ?»

«እንግዳ ይበላል። የቤት ሰውም ይበላል። አንተ የቱ ነህ?»

«አክስቴ፣ ኧረ ሰው ፊት...»

«ሐሙስ እንዳትደክም። ከአጋታ ጋር ነው የምሄደው።»

ቲታ ቀላ። ዞር ብሎ እንግዶቹን አየ፤ የተነጋገሩት በላዲንኛ ስለነበር አንዳቸውም አልገባቸው። እንዲያውም አንዱ አፉ ሙሉ እንደሆነ፣ «እንዴት ደስ የሚል ቋንቋ ነው! ምን እያለች ነው?» አለ።

ቲታ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንኳን ደህና መጣችሁ ነው የምትለው» አለ በጣልያንኛ።

ሜና ጣልያንኛ ከሱ አስበልጣ ነው የምትናገረው። ግን እሱን ማረም ራሱ ድካም ሆነባት፤ በሩን ዘግታ ገባች።