ያልዘለለው ኦርቪል

ቤቨርሊ ወደ ካሊፎርኒያ ስትሄድ ጎረቤቷን ሎሬታን «አባቴን አደራ፤ በየቀኑ ብቅ እያልሽ እዪልኝ» ብላት ነበር። ሎሬታም «አጥር ለአጥር አይደለን!» ብላ ተቀበለች። አደራ ከባድ ነው፤ ባለአደራዋ ስታኮርፍ ደግሞ ይብሳል። ሎሬታ ከቤቨርሊ አባት፣ ከሽማግሌው ኦርቪል ጋር የተጣላችው በቅጠል ነው። የዛፉ ቅጠል ግቢዋን ሞላው ብትለው፣ «ሂጂና ንፋሱን ክሰሺ» አላት። ከዚያ ወዲህ ሦስት ቀን ደጁን አልረገጠችም።

ዛሬ ሃሎዊን ነው፤ ልጆች ጭንብል ለብሰው በየቤቱ ከረሜላ የሚለቅሙበት ምሽት። ኦርቪል እንደየዓመቱ ከእጅጌው ገለባ እያንጠለጠለ፣ የከረሜላ ሳህን ጭኑ ላይ አድርጎ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። የመንደሩ ልጅ ሁሉ ጨዋታውን ያውቃል። የገለባ አሻንጉሊት መስሎ ይቆይና፣ ሦስተኛው እጅ ሳህኑ ውስጥ ሲገባ ዘሎ ይጮኻል።

ሊመሽ ሲል ቤቨርሊ ደወለች። «አባዬ ስልክ አያነሳም። ደህና ነው?»

«ምን ይሆናል! ገለባውን ለብሶ ልጅ እያስፈራራ ነው» አለች ሎሬታ። ስልኩን ስታስቀምጥ ልቧን ቆጠቆጣት፤ ከመስኮት አየችው እንጂ አላነጋገረችውም።

ወዲያው በሩ ተንኳኳ። የጎረቤት ልጅ ማርጎ ናት፤ የንብ ልብስ ለብሳለች፤ አንድ እጇ ላይ ብቻ ጓንት አለ።

«ሌላው ጓንትሽስ?»

«ለሚስተር ኦርቪል ሰጠኋቸው፤ እጃቸው በረዶ ነው። ዘንድሮ አልዘለሉም እኮ! አምስት ሆነን ወሰድን፣ ዝም። በአንድ ዓይናቸው ብቻ ያለቅሳሉ። ትልልቆቹ ‹ሲችሉበት!› አሉ።»

ሎሬታ ባዶ እግሯን ሮጠች። የኦርቪል አፍ ወደ አንድ ጎን ተጣሟል። ትንሿ ቢጫ ጓንት ጣቶቹ ጫፍ ላይ ተሰክታለች። አንድ ዓይኑ ግን ያያታል።

«እኔ ነኝ፣ ሎሬታ! ቅጠሉ ገደል ይግባ፣ አይዞህ!» ወደ መንገዱ ዞረች። «ኧረ የሰው ያለህ! አምቡላንስ ጥሩልኝ!»

ደጁ ላይ የቆሙት ጭንብል ለባሾች በደስታ ጮኹ። «ዘንድሮ ሁለት ሆነው ነው የመጡት!» አለ አንዱ አባት፣ በስልኩ እየቀረጸ። አምርራ ጮኸች፤ አብዝተው አጨበጨቡ።

ማርጎ ብቻ አላጨበጨበችም። የእናቷን እጅጌ ጎተተች። «እማዬ፣ እየተጫወቱ አይደለም።»

«እሽሽ» አለቻት እናቷ እየሳቀች። «ቆይ እንይ፣ አሁን ይዘላል።»