ሳይጨመር ሳይቀነስ

«ንገሪው፣ ምንም አልጎደለብኝም በይው። ልጄ እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚያየኝ። ሞልቶ የተረፈኝ ሴትዮ ነኝ።»

አስተርጓሚዋ የአሮጊቷን ቃል ለሐኪሙ በቋንቋው አቀረበችለት፦ ምንም አልጎደለብኝም፣ ልጄ እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚያየኝ፣ ሞልቶ የተረፈኝ ሴትዮ ነኝ። «እሳቸው እንዲህ አሉ» ማለት በዚህ ሥራ ክልክል ነው። «እኔ» ነው የሚባለው። ስለዚህ በሽተኛ ሲደውል አስተርጓሚዋ ታማ ትውላለች፤ ተከሳሽ ሲቀርብ «አልሰረቅኩም» ብላ ትሟገታለች፤ አግብታ የማታውቀው ሴት በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ ባል ፈትታለች። ስድቡም ሆነ ምርቃቱ፣ ሰው ያለው ሁሉ ሳይጨመር ሳይቀነስ መሻገር አለበት።

ሰዎቹን አታያቸውም። እነሱ በአንድ ሆስፒታል ክፍል ውስጥ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ይነጋገራሉ፤ እሷ ከከተማው ማዶ፣ ቤቷ ውስጥ ባለች ጓዳ በምታክል ክፍል ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ደፍታ ትቀመጣለች። ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ቸንክራለች። ከላይ ያለው ጎረቤት ሲራመድ ጣሪያው ይንቋቋል። አምስት ዓመት ሙሉ ኮቴውን ታውቀዋለች፤ ፊቱን ግን መንገድ ላይ ብታገኘው አትለየውም።

ይህን ሥራ የያዘችው ለኑሮ ብላ ብቻ አልነበረም። በመጣች ሰሞን ናፍቆት ሲያንገላታት፣ ቀኑን ሙሉ ያገሯን ቋንቋ እየሰሙ ደመወዝ የሚበላበት ሥራ አለ ሲሏት ከሰማይ የወረደ መስሏት ነበር። እውነትም ሰማች፤ ጠግባ ሰማች። ግን ቋንቋው ሁልጊዜ ከሕመም፣ ከክስና ከልመና ጋር ተለውሶ ነው የሚመጣው። በአምስት ዓመት ውስጥ አንድም ሰው ደውሎ ቀልድ አልነገራትም።

ስለዚህ መድኃኒቱ እናቷ ናት ብላ ቆረጠች። እናቷን ማምጣት። አራት ዓመት ማመልከቻ ስትጽፍ፣ ማኅተም ስትለምን፣ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ስትንከራተት ቆየች፤ ባለፈው ሳምንት «ተፈቅዷል» የሚል ደብዳቤ መጣላት። እሰይ ብላ ብቻዋን ዘለለች። የቀራት አንድ ቅጽ ነው፤ እናትየው የምትመጣበት ቀን ተሞልቶ ዛሬ ቢሮው ሳይዘጋ መላክ አለበት፤ ካልተላከ ነገሩ ሁሉ እንደገና ከሀ ይጀመራል። ሞልታዋለች። ልትልከው ስትል ነው ይህ ጥሪ የገባው።

«በአራት ወር ውስጥ አሥራ አንድ ኪሎ ቀንሰዋል» አለ ሐኪሙ። «ደምዎ ንጹሕ ነው፣ ሆድዎ ንጹሕ ነው፣ ሳንባዎም ንጹሕ ነው። ለምን እንደማይበሉ ሊነግሩኝ ይችላሉ?»

«ዶክተር፣ እኔ ልንገርህ» ብሎ ገባ ልጅየው፣ በሐኪሙ ቋንቋ። ከመጀመሪያው ተቆጥቶ ነበር። እናቴ እኔ እያለሁ በባዳ አፍ ትናገር ትላላችሁ ወይ ብሎ ቢሟገትም፣ የሆስፒታሉ ደንብ ዘመድ እንዲያስተረጉም አይፈቅድም። «ሁሉ ነገር አላት። የራሷ ክፍል፣ የራሷ ቴሌቪዥን፣ የሚሞቅ ቤት። ለሷ ያላደረግነው ምን አለ?»

አስተርጓሚዋ ይህንንም ለአሮጊቷ መለሰችላቸው፤ ደንቡ ነው።

«ይኼንንማ እኔም አውቀው የለ! ለኔ ምን ይነግረኛል?» አሉ አሮጊቷ፤ ትንሽም ሳቁ። ሳቃቸው ደረቅ ነበር።

ሐኪሙ ሳቁን የሰማው መሰለ። ለአሥር ደቂቃ ከእናትህ ጋር ብቻችንን ብንነጋገር ብሎ ልጁን በትሕትና ጠየቀው። ልጁ አጉረመረመ፤ ወንበር ተንቋቋ፤ ኮቴው ራቀ።

«ሄደ?» አሉ አሮጊቷ።

«ሄደ?» አለች አስተርጓሚዋ ለሐኪሙ።

«አዎ፣ ውጭ ነው።»

ከዚያ የአሮጊቷ ድምፅ ቀረብ ብሎ መጣ፤ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው ሳይሆን አይቀርም።

«አንቺ ልጅ፣ የማን ልጅ ነሽ?»

ጥያቄውን ለሐኪሙ አሻገረችው። አስተርጓሚ ስለራሷ አትናገርም፤ ሐኪሙም ይህን ያውቃል።

«ስምም የለሽ? ግድ የለም። ድምፅሽ ያሳደገሽን ሰው ይናገራል፤ ደህና እጅ ነው ያሳደገሽ። እንግዲህ ስሚኝ የኔ ልጅ፣ ይኼን ላንቺ ነው የምነግርሽ። ሐኪሙ ምናችንም አይደለም፤ አትንገሪው።»

እዚህ ላይ ማቋረጥ ነበረባት። «እማማ፣ የሚናገሩትን ሁሉ የመንገር ግዴታ አለብኝ» ማለት ነበረባት። በጥሪው መጀመሪያ ላይ ብላዋለች፤ ሰው ሁሉ የሚሰማው፣ ማንም የማያዳምጠው አንድ የተሸመደደ አንቀጽ አላት። እንደገና ማስጠንቀቅ ደንቡ ነው። አልደገመችውም። ከምን የተነሳ እንደሆነ እሷ ራሷ ታውቃለች፤ መስማት ስለፈለገች ነው። በአምስት ዓመት ውስጥ «ላንቺ ነው የምነግርሽ» ያላት ሰው አልነበረም።

«ምንም አላመመኝም» አሉ አሮጊቷ። «ሆን ብዬ ነው። ምራቴ ሥራ ስትሄድ ምግቡን በመስኮት ለወፎች እበትነዋለሁ፤ ወፎቹ ወፍረውልሻል! ታዲያ ምን ላድርግ? ልጄን አገሬ መልሰኝ ብለው ይሞታል። ስንት ዓመት ለፍቶ፣ ሰው ሁሉ እናቱን ወሰደ ብሎ አመስግኖት፣ አሁን ተመልሼ ብገባ ምን ሊሉት ነው? አስቀየመቻት፣ ምራቷ አስወጣቻት ሊሉ አይደል? ሕመም ግን የእግዜር ነው። የታመመ ሰው አገሩ ይግባ ቢባል ማንም አይከፋም። አንድ ጎረቤታችን እንዲህ ከስተው፣ አለቀላቸው ተብለው ተመለሱ፤ ዓመት ሳይሞላ እንደ ወይፈን ሆነው ገበያ ሲወጡ በዓይኔ አይቻለሁ። እኔም ትንሽ ቢቀረኝ ነው።»

ትንፋሽ ወሰዱ።

«ክፍሉ ጥሩ ነው። አልዋሽም። ግን ቀኑን ሙሉ ከማን ጋር ልጣላ? ሰው አገሩ እኮ ይጣላል። አጥር ገፋሽብኝ፣ ዶሮሽ ጓሮዬ ገባች ይባባላል። ከዚያ ይታረቃል፤ ሲታረቅ ይመሻል። እዚህ ማንም አይቀየመኝም፤ ማንም ዞር ብሎ አያየኝም። የሆዴን በሆዴ ይዤው ኖርኩ። ዛሬ ያገሬን ሰው አገኘሁና ወጣልኝ፤ ተባረኪ።»

«ምን እያሉ ነው?» አለ ሐኪሙ። «ረዘም ያለ ነገር ተናግረዋል።»

አስተርጓሚዋ «አገሬ ናፍቆኛል» ብላ በሁለት ቃል ልትዘጋው ትችል ነበር። ውሸትም አይሆንም። ግን አሥራ አንድ ኪሎ! ትንሽ ቢቀራቸው ነው የሚሉት ትንሿ ነገር ሞት ልትሆን እንደምትችል አሮጊቷ አያውቁም፤ ሐኪሙ ያውቃል። ወይ ጣጣ፣ አለች በልቧ። እና ጀመረች።

«ምንም አላመመኝም። የማልበላው ሆን ብዬ ነው…»

ሁሉንም አለችው፤ ወፎቹን፣ ጎረቤቱን፣ ምራቲቱን፣ አጥሩን። «ቀኑን ሙሉ ከማን ጋር ልጣላ?» ስትል ድምፅዋ ተሰበረባት፤ የማን «እኔ» እንደሆነ ለራሷም ጠፋት። «አትንገሪው» የሚለውን ጭምር ነገረችው።

አሮጊቷ ቋንቋውን አይሰሙም እንጂ ርዝመቱን ይሰማሉ።

«ምነው ረዘመ?» አሉ። «ምነው ልጄ… ነገርሽው እንዴ?»

ሐኪሙ ክፉ ሰው አልነበረም። ቀስ ብሎ፣ እያንዳንዱን ቃል መርጦ ተናገረ። ችግሩ፣ እሱ ያለውን በአሮጊቷ ጆሮ ውስጥ የምታስገባው አስተርጓሚዋ መሆኗ ነበር፤ ያውም በዚያው «ተባረኪ» በተባለ ድምፅ።

«ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ» አለች አስተርጓሚዋ። «ነገር ግን ሕይወትዎ አደጋ ላይ ነው። ለልጅዎ መንገር አለብኝ። ከዛሬ ጀምሮም እዚህ እንዲተኙ አደርጋለሁ፤ ሲበሉ ሰው አጠገብዎ ይቀመጣል።»

አሮጊቷ ተናገሩ። አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻል ነበር።

«ያገሬ ሰው ብዬሽ ነበር።»

ይህንንም ተረጎመችው። ወዲያው በሩ ተከፍቶ የልጁ ድምፅ ገባ፤ «እማዬ፣ ምን ብለሻቸው ነው? ምን አለቻችሁ?» እያለ በሁለት ቋንቋ ሲጮህ ሐኪሙ «ለዛሬ ይበቃናል፣ እናመሰግናለን» ብሎ መስመሩን ዘጋ። የኮምፒውተሯ ሰሌዳ ሃያ ስድስት ደቂቃ ይላል። የአስተርጓሚ ድርጅቱ አሁን ለአገልግሎቱ ከአምስት ኮከብ ስንት ይሰጣሉ ብሎ ሐኪሙን ሊጠይቀው ነው፤ አበስኩ ገበርኩ!

ማዳመጫውን አውልቃ ወረወረችው፤ ተነስታ ለእናቷ ወዳዘጋጀችው ክፍል ገባች። አዲስ አልጋ፣ ላስቲኩ ያልወለቀ ፍራሽ፣ እሷ የመረጠችው መጋረጃ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ቴሌቪዥን። ነጠላ ጫማም ገዝታለች፤ ቁጥሩን በስልክ ጠይቃ። የጫማውን ቁጥር፣ የብርድ ልብሱን ውፍረት፣ የመነጽሩን ኃይል ጠይቃለች። በአራት ዓመት ውስጥ ያልጠየቀችው አንድ ነገር ነበር። ያልጠየቀችውም ረስታ አይደለም። መልሱን ስለፈራች ነው። «እናቴን ላሳርፋት» ስትል ነው የኖረችው፤ እውነቱን ብንናገር ግን ማረፍ የፈለገችው ራሷ ናት። ሥራ ውላ ከዚያች ጓዳ ስትወጣ «መጣሽ?» የሚላት ሰው ፈልጋ ነው። ይህን ስታስብ ራሷን ጠላችው። ለመጥላትም ጊዜ አልነበራትም፤ ቢሮው ሊዘጋ ሁለት ሰዓት አይሞላውም።

ደወለች።

«ሚጣዬ!» አለች እናቷ። «ምነው በሥራ ሰዓት? ሰላም ነሽ? አመመሽ?»

«ደህና ነኝ እማዬ። እንዲሁ ነው።»

«እንዲሁ የሚደወል ስልክ አለ እንዴ? ልቤን አጠፋሽው! ዝግጅቱንማ ጨርሻለሁ። ዶሮዎቼን ለጎረቤት ሰጠሁ። አልጋዬንም ለእህትሽ ሰጠኋት፤ እስክሄድ በውሰት ነው የምተኛበት። እንግዳ ሆንኩልሽ፣ በገዛ ቤቴ!» ብላ ሳቀች።

ሳቁን ሌላ ጊዜ ብትሰማው አብራ ትስቅ ነበር።

«እማዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እውነቱን ንገሪኝ።»

«የምን እውነት ነው ደግሞ?»

«መምጣት ትፈልጊያለሽ?»

«ኧረ ተይኝ! ልጁ ጋ መሄድ የማይፈልግ አለ? አገር ምድሩ ቀንቶብኛል እኮ። ምነው፣ ተለወጠ እንዴ? አትምጪ ልትዪኝ ነው?»

«አይደለም። ወረቀቱ እጄ ላይ ነው፤ ዛሬ ይላካል። ግን አልጠየቅሁሽም። አንድም ቀን አልጠየቅሁሽም።» ፍራሹ ላይ ተቀመጠች፤ ላስቲኩ ተንኮሻኮሸ። «ይከፋታል ብለሽ አትፍሪ። ይክፋኝ። ሰው ምን ይላል ብለሽም አትፍሪ። ለኔ ብለሽ ከሆነ የምትመጪው፣ ለኔ ብለሽ ንገሪኝ።»

ከጀርባ የእህቷ ድምፅ ይሰማል፤ ዕቃ እያጠበች አንድ ነገር ታንጎራጉራለች። እናትየው ሁለት ጊዜ ጉሮሮዋን ጠራረገች። አንድ ነገር ልትል ጀምራ ተወችው። ሳቁ የት እንደገባ አልታወቀም።

«እማዬ?»

«ቆይ እስቲ» አለች እናቷ፣ ዝቅ ባለ፣ ልጅቷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሰምታው በማታውቀው ድምፅ። «ቆይ፣ በሩን ልዝጋው።»

ስልኩ የሆነ ነገር ላይ ተቀመጠ። የነጠላ ጫማ ኮቴ ራቀ። ልጅቷ ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች መስመሩን መዝጋት አማራት፤ ቅጹን ልካ፣ ተላከ ብላ፣ መስመር ተቋረጠብኝ ብላ መገላገል። ማንም አያውቅባትም። አውራ ጣቷ ቀዩ ምልክት ላይ ነበር።

በሩ ሲዘጋ ሰማችው። ኮቴው ተመለሰ።

«አለሽ?» አለች እናቷ።

«አለሁ» አለች።