በእማዬ በኩል የተቀረጸ ክሊፕ

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል። የነዚህ እህትማማቾች ግን መልካቸውም ኩርፊያቸውም አንድ ነው። ታላቂቱ ፀጉር ሠሪ ናት፣ ታናሺቱ ልብስ ሰፊ። በእናታቸው ግቢ ውስጥ ፊት ለፊት በሚተያዩ ሁለት ክፍሎች ይሠራሉ፤ የፀጉር ማድረቂያው ካስክና የስፌት መኪናው አብረው ሲነሱ ግቢው ወፍጮ ቤት ይመስላል። እነሱ ግን ክረምቱ ገብቶ እስኪወጣ አንዲት ቃል አልተነጋገሩም።

ጠቡ የመጣው ከሳቅ ነው። በአክስታቸው ልጅ ሰርግ ላይ ታናሺቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ማይክ ጨብጣ ስትዘፍን፣ ታላቂቱ ከፊት ወንበር ተቀምጣ ከት ብላ ሳቀች። በቃ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ታናሺቱ ዘጋቻት። ድሮ በቀን መቶ ጊዜ «እትዬ መቀስሽን»፣ «እትዬ ነይ እዪልኝ» ትል የነበረች ልጅ እህቷን መጥራት ተወች። ታላቂቱም ኩሩ ናት፤ ለምን እንደሳቅሁ ሳትጠይቀኝ ከዘጋችኝ የራሷ ጉዳይ ብላ ተቀመጠች። አፏ እንዲህ ይበል እንጂ፣ ሱቋን ስትዘጋ ያቺ «እትዬ» የምትባል ቃል ትናፍቃት ነበር።

መከራውን ያዩት እናትየው ናቸው። መልእክት ሁሉ በእሳቸው በኩል ነው። ልጅሽን ንገሪያት፣ ውሃውን ጨርሳዋለች፤ ለዚያች ልጅሽ ንገሪያት፣ ውሃውን የፈጀው የእሷ ሻምፖ ነው። ይህን የሚባባሉት ደግሞ አንዷ የሌላዋን ትንፋሽ በምትሰማበት ርቀት ቆመው ነው። አንድ ቀን መረራቸውና፣ እኔ ስልክ ነኝ እንዴ፣ ስልክስ ቢሆን ባትሪ ይጨርስ የለም ወይ ብለው ተነጫነጩ። ማን ሰምቷቸው።

ይህ በእንዲህ እንዳለ ታናሺቱ ዘፈን ሠራች። ድምፁ ስቱዲዮ ተቀድቶ አልቋል፤ የቀረው ክሊፕ ነው። ለባለሙያ የሚሆን አቅም የለም። በግቢው ውስጥ ደህና ካሜራ ያለው ስልክ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም የታላቂቱ፤ የሠራችውን ፀጉር ሁሉ እያነሳች ለደንበኞቿ የምታሳይበት፣ እንደ ዓይኗ ብሌን የምትሳሳለት ስልክ። ታናሺቱ ብታወጣ ብታወርድ መላ ስታጣ፣ ስልኩን ለግማሽ ቀን ታውሰኝ ብላ በእናቷ በኩል ላከች። መልሱም በዚያው መንገድ መጣ፤ ስልኬ ያለ እኔ አይወጣም፣ ከፈለገች እኔው እቀርጻታለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ታላቂቱ ይህን ያለችው ለስልኩ ሳስታ ብቻ አይደለም። ግማሽ ቀን ሙሉ ፊት ለፊት ሊቆሙ ነው፤ ያን ጊዜ ታናሺቱ አንድ ቃል ካልወጣት መቼም አይወጣትም ብላ ነው።

እሑድ ረፋዱ ላይ ሥራው ተጀመረ። ታናሺቱ ቁርጥራጭ ጨርቆቿን ሰፍታ ሰፍታ በልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ሰቀለች፤ መጋረጃ ሆነ። ታላቂቱ ትልቁን የፀጉር ቤት መስተዋት ግድግዳ ላይ አስደግፋ ፀሐይዋን ወደ እህቷ ፊት መለሰቻት፤ መብራት ሆነ። ራሷ ደግሞ ባለ ጎማዋ በርጩማ ላይ ተቀምጣ በእግሯ እየገፋች ትቀርጻለች። እናትየው ዘፈኑን የሚያሰማውን ስፒከር ታቅፈው ዳር ላይ ተቀመጡ።

የመጀመሪያው ቀረጻ ላይ እናትየው ዘፈኑ ደማቸውን አሞቀውና ከነስፒከራቸው እየጨፈሩ ካሜራው ፊት ገቡ። በሁለተኛው አክስትየው ደውለው ቀረጻው ተቋረጠ። በሦስተኛው ካስክ ሥር የተረሳች ደንበኛ ፀጉሯ እንደተጠቀለለ ከነቢጎዲኗ ወጥታ፣ ደርቋል ወይ እያለች በመሃል አለፈች። በየመሃሉም ነገሩ ያው ነው፤ እማዬ፣ አገጯን ቀና ታድርግ በያት። እማዬ፣ አገጬ ቀና ነው፣ የዘመመው ስልኩ ነው በያት።

እንዲህ ሲሉ ሲሉ ፀሐይዋ ከመስተዋቱ ላይ ልትወርድ ሆነ፣ የስልኩም ባትሪ ቀላ። አንድ ዕድል ቀርቷቸዋል። ልክ በዚህ ሰዓት በርጩማዋ አልሄድ አለች። ለካ ስንት ወር የተጠራቀመ ፀጉር ጎማዋ ላይ ተጠምጥሟል። ታላቂቱ በርጩማዋን በእግሯ ገፋ አድርጋ፣ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ፣ ፊቷን ወደ እህቷ እንዳዞረች የኋሊት መራመድ ጀመረች።

ታናሺቱ እየዘፈነች ትከተላታለች። ያን ቀን እንዳማረባት አምሮባት አያውቅም። ታላቂቱ ስልኩ ላይ ያለችውን እህቷን እያየች ከኋላዋ ያለውን ሁሉ ረሳች። ከኋላዋ ደግሞ ጠዋት ራሷ ፎጣዎቿን የዘፈዘፈችበት ትልቅ ሳፋ አለ።

ታናሺቱ ሳፋውን አየች። እናትየው ዓይናቸውን ጨፍነው በዜማው ሄደዋል፤ መልእክተኛ የለም። ብትጮህ ቀረጻው ተበላሸ፣ ዝም ብትል እህቷም ስልኩም ከፎጣው ጋር ሊዘፈዘፉ ነው። ዘፈኑ «በሩን አልዘጋሁም፣ ግባ እንጂ ውዴ» የሚለው ላይ ሲደርስ፣ ፈገግታዋ ሳይጠፋ፣ እጇን እንደዘረጋች፣ በዚያው ዜማ እንዲህ አለች፦

«እትዬ ቁሚ እንጂ፣ ሳፋ አለ ኋላሽ።»

የታላቂቱ ተረከዝ የሳፋውን ጠርዝ ነክቶ ቆመ። ሳፋ የሚለውን የሰማችው ኋላ ነው፤ መጀመሪያ የሰማችው «እትዬ»ን ነው። ዓይኗ እንባ አቀረረ። እጇን ግን አላነቃነቀችም፤ ሳፋውን በጎን ዞራ ዘፈኑ እስኪያልቅ ቀረጸች። ቀረጻውን እንዳቆመች ያ የተረገመ ሳቋ መጣባት፣ እንባዋ እየወረደ ከት ብላ ሳቀች።

የታናሺቱ ፊት ጠቆረ። እማዬ ንገሪያት ብላ ስትጀምር፣ እናትየው ስፒከሩን መሬት አስቀምጠው ዛሬ ዕረፍት ላይ ነኝ አሏት።

«ሲጨንቀኝ ነው የምስቀው» አለች ታላቂቱ። «ልጅ ሆነሽ ጥርስሽ ሲነቀል የሳቅሁት እኔ አይደለሁም? በሰርጉም ቀን እንዳትሳሳቺ ብዬ ጨንቆኝ ነው። ድምፅሽ እንደዚያ ማማሩን አላውቅም ነበር፣ ደነገጥኩ።»

የጥርሱ ነገር ትዝ ሳይላት አልቀረም፣ ታናሺቱ አፏን በእጇ ሸፈነች።

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዲህ ያለ ነገር በእማዬ በኩል ይላካል?»

ታናሺቱ ልታቅፋት ስትሮጥ ራሷ ከነቀሚሷ ሳፋው ውስጥ ገባች። የዚያን ቀን ሳቅ ለአንድ ዓመት የሚበቃ ነበር።

ክሊፑ የስቱዲዮው ድምፅ ተገጥሞለት ወጣና ሰፈሩ ሁሉ ተቀባበለው። ታላቂቱ ለደንበኞቿ ከፀጉሩ ፎቶ በፊት የምታሳየው እሱን ሆነ። አንዷ ታዲያ ካስክ ሥር እንደተቀመጠች አየት አድርጋ፣ «ግባ እንጂ ውዴ» የሚለው ቦታ ላይ አፏና ዘፈኑ ይለያያሉ፣ ለምን አይቆረጥም ብላ መከረች። ታላቂቱም ነገሩ እውነት መሰላትና፣ እንቁረጠው ይሆን ብላ ወደ ስፌት ቤቱ ጮክ ብላ ጠየቀች። የስፌት መኪናው ቀጥ አለ።

«እትዬ፣ እሷን ቦታ ብትነኪ ዳግመኛ አላናግርሽም» አለች ታናሺቱ።

ታላቂቱ ስልኩን ኪሷ ከተተችና የደንበኛዋን ቢጎዲን መፍታት ጀመረች።